የጉሌድና የጌሌ ቤተሰብ ፕሬዚዳንትነትን ባያገኝ ኖሮ፤ ከአይሻ ሆነን ወደ ጅቡቲ ስንመለከት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርደው የባቡር ሐዲድ ሽንሌንና አዲጋላን አልፎ፥ በደወሌ በኩል የጅቡቲን ወሰን ከመሻገሩ በፊት አይሻን ያገኛል። አገሩ ቆላ ነው፤ ዝናቡ ጥቂት፥ ነፋሱ ግን ብዙ ነው። ከነፋሱ ብዛት የተነሣ በዚህ በእኛ ዘመን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተተክሎበታል። የአይሻ ሰው ዘመዱ ወሰን ማዶ ነው፤ ግመሉም ወሰን ሳይጠይቅ ውሃና ሣር ይከተላል። ስለዚህ በጅቡቲ ቤተ መንግሥት ማን ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ለአዲስ አበባ አንባቢ የውጭ አገር ወሬ ሲሆን፥ ለአይሻ ነዋሪ ግን የጎረቤት ቤት ጉዳይ ነው።

ጅቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች ወዲህ የፕሬዚዳንትነቱ ወንበር ከአንድ ቤተሰብ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ 22 ዓመት ገዙ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ወንበሩን የተረከቡት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ናቸው፤ ሐሰን ጉሌድም አጎታቸው ናቸው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የጅቡቲ ምክር ቤት ለፕሬዚዳንት እጩዎች የተወሰነውን የ75 ዓመት የዕድሜ ገደብ ስላነሣ፥ ጌሌ ለስድስተኛ ጊዜ የሚወዳደሩበት መንገድ ተከፈተ።

እንግዲህ ይህ ቤተሰብ ለፕሬዚዳንትነት ባይበቃ ኖሮ ነገሩ ምን ይመስል ነበር? አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ማለት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላሉ። እኛ ግን በተለይ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ለገቡ ወጣት ሹማምንት የሚጠቅም መልመጃ ይመስለናል። ምክንያቱም ወጣት ሹም ስለ ጎረቤት አገር ማስታወሻ አዘጋጅ በተባለ ጊዜ፥ የሆነው ሁሉ የግድ መሆን የነበረበት ይመስለውና፥ የሰውን ሥራ ከመሬቱ ሥራ ለይቶ ሳያይ ይቀራል። አገራችን የገቢና የወጪ ዕቃዋን አብዛኛውን ክፍል የምታሳልፍበት ወደብ በሰው ላይ ቆሟል ወይስ በጸና ነገር ላይ? ይህን ለማወቅ አንዱ መንገድ ሰውየውን በሐሳብ ከሥፍራው ማንሣትና የሚወድቀውንና የማይወድቀውን መመልከት ነው።

በመጀመሪያ ቤተሰቡ ወደ ሥልጣን እንዴት እንደደረሰ እናስታውስ። ሐሰን ጉሌድ በ1909 ዓ.ም. ከዘላን ቤተሰብ ተወለዱ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የጅቡቲ ወኪል ሆነው ፓሪስ ተቀመጡ። ኢስማኤል ኦማር ጌሌ የተወለዱት ግን በእኛው ከተማ በድሬዳዋ፥ በኅዳር 1940 ዓ.ም. ነው። አያታቸው ገሌህ በታል ከፈረንሳዮች ጋር ውል ከተዋዋሉት የኢሳ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። አባታቸው በመጀመሪያ አስተማሪ፥ በኋላም የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኑ። ልጁም በድሬዳዋ አድገው ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ በፖሊስ አገልግለው ሳሉ፥ ነጻነት ከሚጠይቁት ወገን ነህ ተብለው ተሰናበቱ። ነጻነት በተገኘ ጊዜ የአጎታቸው የጽሕፈት ቤት ሹምና የጸጥታው ኃላፊ ሆኑ። አማርኛም ይናገራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ ፈቃድ ሰጥተው የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ባይደርስ ኖሮ ከተማዪቱም፥ ይህም የሕይወት ታሪክ ባልኖረ ነበር። በአጭሩ ቤተሰቡን የወለደው ሐዲዱ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ቤተሰቡ ከመንገድ ሊቀር የሚችልባቸው ጊዜያት ሦስት ይመስሉናል። የመጀመሪያው በመስከረም 1951 ዓ.ም. ነው። ጄኔራል ደጎል ቅኝ ግዛቶቻቸውን «ከፈረንሳይ ጋር ትቆያላችሁን?» ብለው በጠየቁ ጊዜ በጅቡቲ ሁለት ሰዎች በሁለት ወገን ቆሙ። የመንግሥቱ ምክር ቤት ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ማህሙድ ሐርቢ «አንቆይም» አሉ፤ ሐሳባቸውም ከሶማሌዎች ጋር መዋሐድ ነበር። ሐሰን ጉሌድ «እንቆይ» አሉ። ድምፅ ከሰጡት ሦስቱ እጅ «እንቆይ» ስላለ ሐርቢ ሥልጣናቸውን አጥተው ከአገር ወጡ፤ በ1953 ዓ.ም. መግቢያም በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በቦታቸው ለጥቂት ወራት የተተኩት ሐሰን ጉሌድ ናቸው።

ሐርቢ ቢያሸንፉ ኖሮስ? የሶማሊያ ባንዲራ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ጅቡቲን የሚያመለክት ነበር። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ የሶማሌ ግዛቶች ሲዋሐዱ ጅቡቲም ሦስተኛ ሆና ትገባ ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያም ዝም ብላ የምትመለከት አልነበረችም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ዓ.ም. መግቢያ ጅቡቲ የኢትዮጵያ ክፍል መሆኗን በግልጽ ተናግረዋል። በመጋቢት 1959 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የሕዝብ ድምፅ በተሰጠ ጊዜ ሦስቱም መንግሥታት፥ ፈረንሳይም፥ ኢትዮጵያም፥ ሶማሊያም ዓይናቸውን በዚያች ከተማ ላይ ተክለው ነበር። ከመቶ 60 ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር ለመቆየት ስለ መረጡ ጉዳዩ ለ10 ዓመት ተላለፈ።

ስለዚህ በዚያ ባልሆነው ታሪክ አይሻ የባቡር ጣቢያ መሆኗ ቀርቶ የጦር ሠፈር ትሆን ነበር። ከሐዲዱ ላይ የሚወርደው ሩዝና ጨርቅ ሳይሆን ጥይት ይሆን ነበር። ይህን የምንለው በግምት ብቻ አይደለም። ጅቡቲ ገለልተኛ በነበረችበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እንኳ የሶማሊያ ጦርና በእርሷ የሚደገፉ ኃይሎች ሐዲዱን ቆረጡት፤ ድልድዮች ፈረሱ፤ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ገብታ በየካቲት ተመለሰች፤ ድሬዳዋም ለጥቂት ተረፈች። ወደቡ ራሱ በጠላት እጅ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበረ አንባቢ ይገምት። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ አሰብ ስለ ነበራት በረሃብ አታልቅም ነበር፤ የሽንሌና የአይሻ፥ የድሬዳዋም ሰው ግን አሰብ አይደርስለትም።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የከለከሉት ሐሰን ጉሌድ ናቸው ብንል ከልክ ያለፈ ምስጋና ይሆናል። በ1951 ዓ.ም. የወሰነው የፈረንሳይ አስተዳደር ጉልበት ነው፤ አንድ የምክር ቤት አባል ለሐርቢ ወይም ለፈረንሳይ ቢወግን ሚዛኑ ብዙ አይናወጥም ነበር። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የሐዲዱ መቆረጥ ጅቡቲን ከእኛ ይልቅ ጎዳት። ወደብ ያለ ጭነት የድንጋይ ክምር ነውና፥ በዚያ ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥ ገለልተኛ መሆንን ይመርጥ ነበር ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ጊዜ በነጻነቱ ዋዜማ ነው። ለነጻነት የታገለው ማኅበር ፕሬዚዳንቱ ሐሰን ጉሌድ፥ ዋና ጸሐፊው የአፋሩ ተወላጅ አሕመድ ዲኒ ነበሩ። ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ሕዝቡ ከመቶ 98 በላይ በሆነ ድምፅ ነጻነትን በመረጠ ጊዜ ኢሳው ፕሬዚዳንት፥ አፋሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አሕመድ ዲኒ ግን ስድስት ወር ሳይሞላቸው በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አፋር መሆኑ ቢቀጥልም፥ ቁልፉ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ቀረ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም አገሪቱ በአንድ ፓርቲ ሥር ወደቀች።

ሹመቱ ተገልብጦ አሕመድ ዲኒ ፕሬዚዳንት ቢሆኑ ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? እዚህ ላይ ነው የአይሻ ዓይን ከጅቡቲ ዓይን የሚለየው። ጦርነቱ በሐዲዱ ዳር በሚነድበት በዚያ ዓመት፥ ሞቃዲሾ ለኢሳ ወጣቶች «በጅቡቲ የሚገዛችሁ ባዕድ ነው፤ ኑ ከእኛ ጋር» ብላ መስበክ በቻለች ነበር። በወንበሩ ላይ ኢሳ መቀመጡ ያን ስብከት ባዶ አደረገው። ይህ የሐሰን ጉሌድ ብልኀት አልነበረም፤ በቦታው መገኘታቸው ብቻ የሠራው ሥራ ነው። እርሳቸው ከዚህ በላይ የሠሩት በጥር 1978 ዓ.ም. ነው። ድርቅን ለመከላከል የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበር፥ በኋላ ኢጋድ የተባለው፥ በጅቡቲ ሲመሠረት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኙ። በ1980 ዓ.ም. ውል ተዋዋሉ። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማስቀመጥ ሁለቱም የማይጠረጥሩት ባለ ቤት ያስፈልግ ነበር። አሕመድ ዲኒ ይህን ማድረግ ይችሉ ነበርን? ዚያድ ባሬ ግብዣቸውን በቀላሉ የሚቀበል አይመስለንም።

የዚህ ዋጋ ግን በሌላ በኩል ተከፍሏል። በኦቦክና በታጁራ የሚኖረው አፋር ከመንግሥቱ ማዕድ ራቅሁ ብሎ በ1984 ዓ.ም. መሣሪያ አነሣ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ወገን በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ታረቀ፤ አሕመድ ዲኒ የመሩት ሌላው ወገን የታረቀው ግን በግንቦት 1993 ዓ.ም. ነው። ለኢሳ ወገን፥ ለአይሻም ሰላም የሆነው የ1969ኙ አመዳደብ፥ በሰሜን ለአሥር ዓመት ደም ምክንያት ሆነ። ፍርዳችን ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል።

ሦስተኛው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ሥልጣኑ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ሐሰን ጉሌድ በሸመገሉ ጊዜ ወራሽ ለመሆን የሚችሉ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሙሚን ባህዶን፥ እንዲሁም በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ከጌሌ ጋር ይፎካከሩ የነበሩት ኢስማኤል ጌዲ ሐረድ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም በ1988 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆነው የፕሬዚዳንቱን አገዛዝ የሚነቅፍ ጽሑፍ በማውጣታቸው ተከሰው ታሰሩ። ሐሰን ጉሌድ በጥር 1991 ዓ.ም. እንደማይወዳደሩ ባስታወቁ ጊዜ የገዢው ፓርቲ እጩ ጌሌ ሆኑ፤ ሚያዝያ 1 ቀን በተደረገው ምርጫም ከመቶ 74 ያህል ድምፅ አገኙ። ቀሪውን የወሰዱት በፈረንሳይ ዘመን የፓሪስ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሙሳ አሕመድ ኢድሪስ ናቸው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ቢተካ ኖሮ ኢትዮጵያ ምን ታጣ ነበር? በእኛ ግምት ብዙ የምታጣው አልነበረም። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. አሰብን ሲዘጋው ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ከጌሌ ሹመት ዓመት ያህል ቀድሞ የሆነ ነገር ነው፤ ወደቡንም ያሳደገው ይኸው ነው። ባብ ኤል መንደብን የሚያህል የዓለም በር በደጅዋ ያለች አገር፥ አሜሪካኖች ከ1994 ዓ.ም. በኋላ፥ ጃፓኖችና ቻይናዎችም ከዚያ ወዲህ ጦር ሠፈር ሊከራዩ ቢመጡ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ተከራዩን ያመጣው የባሕሩ አቀማመጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር፥ ከሽንሌ በረሃ ከሐደጋላ ጉድጓዶች ተስቦ በ2009 ዓ.ም. ለጅቡቲ ከተሞች የደረሰው ውሃ፥ በዚያው ዓመት የተመረቀው የ752 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር፥ እነዚህ ሁሉ ማንም ፕሬዚዳንት ቢሆን የሚፈልጋቸው ናቸው። ጅቡቲ ውሃና መብራት የላትም፤ እኛ ባሕር የለንም። ፊርማው የሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ ቧንቧው ግን በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ግን እንቀበላለን። በድሬዳዋ ያደገ፥ አማርኛ የሚሰማ ሰው በዚያ ወንበር መቀመጡ ብዙ ነገር አቅልሏል። ሌላ አገር በደብዳቤና በኮሚሽን ዓመት የሚፈጀውን ጉዳይ በስልክ መጨረስ ይቻል ነበር። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ በስልክ የሚያልቅ ነገር በወረቀት አይጸናምና። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ በፈረመች ጊዜ ጅቡቲ ቅር ተሰኘች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ደግሞ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ለኢትዮጵያ ልትሰጥ እንደምትችል አስታወቀች። የወዳጅነቱን ልክ የምንለካው በቅሬታና በማባበያ ሆነ ማለት ነው። ለመሆኑ ወጣቱ ሹም በመዝገብ ቤቱ ያለውን ፋይል ሲከፍት፥ ከውሉ ውስጥ በሰው ስም ላይ ያልተንጠለጠለው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ሳይዘገይ ቢጠይቅ መልካም ነው። ዓሥርና ሃያ ዓመት ተለዋጭ ሳይኖረው የሠራ ማሽን ሲቆም የሚሆነውን የምድር ባቡር ሰዎች ያውቁታል።

ሌላው ልዩነት የሚታየው በጅቡቲ በራሷ ውስጥ ነው። በ1991 ዓ.ም. ወንበሩ ከቤተሰቡ ውጭ ላለ ሰው ተላልፎ ቢሆን ኖሮ፥ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሊሄድ እንደሚችል ሕዝቡ አንድ ጊዜ ባየ ነበር። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አያስፈራም። እንዲያ ስላልሆነ በ2002 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ የሚከለክለው አንቀጽ ተነሣ፤ ከ15 ዓመት በኋላም የዕድሜው ገደብ ተከተለ።

የአይሻ ሰው ማመሳከሪያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ይበቃዋል። በሶማሌላንድ አስተዳደር፥ ኢጋል በ1994 ዓ.ም. ሲሞቱ ምክትላቸው ዳሂር ሪያሌ ካሂን በሕጉ መሠረት ተተኩ። ዳሂር ሪያሌ ከብዙኃኑ ጎሣ ያልሆኑ፥ የአውደል ሰው ናቸው። በ1995 ዓ.ም. ምርጫ በጥቂት አሥሮች ወይም መቶዎች በሚቆጠር ድምፅ አሸነፉ፤ በ2002 ዓ.ም. ተሸንፈው ወንበራቸውን በሰላም አስረከቡ። ከዚያ ወዲህም በምርጫ ሁለት ጊዜ ሰው ተለውጧል። ሕዝቡ አንድ ቋንቋ የሚናገር፥ ግመሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ «የእኛ ባሕል ለዚህ አይመችም» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። በአንጻሩ የጋቦንን የቦንጎ ቤተሰብ ብናይ፥ አባትና ልጅ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ 55 ዓመት ገዝተው፥ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወታደሮች በአንድ ሌሊት አወረዷቸው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ሌላውን ለመገሠጽ ብዙ አፍ የለንም፤ ይህንም ሳንጠቅስ አናልፍም።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ይህ ነው። ኢሳ ራሱ ስለ ሥልጣን ርስትነት የጠነከረ ሕግ ያለው ሕዝብ ነው። አይሻ የሚገኝበት ዞን ስሙን የወሰደው ከሲቲ ነው፤ እንደሚተረከው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሔር ኢሳ የተባለውን ሕግ የደነገጉት በዚያ ነው። ሕጉ በቃል የሚተላለፍ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ በኢትዮጵያ፥ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። በዚህ ሕግ ኢሳ ሁሉ እኩል ነው። የበላይ መሪው ኡጋስ የሚፈለገው ወርዲቅ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህም ጎሣ በቁጥርም በጉልበትም የሚያይል ስላልሆነ መሪውን ለጉልበተኞች መሣሪያ ማድረግ አይመችም። ኡጋስ ሹመቱን አይጠይቅም፤ ሽማግሌዎች መርምረው ያገኙታል፥ ሳያስበው ይይዙታል እንጂ። ልጁም ልጅ በመሆኑ ብቻ አይወርስም። ፍርዱን የሚሰጠው በዛፍ ሥር የሚቀመጠው የሽማግሌዎች ጉባኤ ሲሆን፥ ኡጋሱ ራሱ ከሕጉ በላይ አይደለም።

እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ሕዝብ በጅቡቲ ከተማ ስለ ምን ሌላ መንገድ ተከተለ? መልሱ ሕዝቡ ላይ አይደለም ብለን እናስባለን። የፕሬዚዳንትነቱ ወንበር ከፈረንሳይ አገረ ገዢ ቤት የተወረሰ ነው። የወደብ ገቢ፥ የጦር ሠፈር ኪራይና የጸጥታ መሥሪያ ቤት በአንድ ጣራ ሥር የተከማቹበት ወንበር ነው፤ በዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ ደግሞ እነዚህን አንዱንም አልያዘም። ጉሌድና ጌሌ ባይመጡም፥ እንዲህ ያለ ወንበር ሌላ ቤተሰብ ይፈልግ ነበር ብለን እንጠረጥራለን። የ1991 ዓ.ም. ወራሽ ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፥ የዚያ ሰው ዘመዶችም በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ መሰብሰባቸው አይቀርም ነበር፤ ልዩነቱ ከእነርሱ በፊት ሌላ ሰው እንደ ነበረና እንደ ወረደ ማወቃቸው ነው።

ኡጋስ ሐሰን ሒርሲ በ1980ዎቹ አጋማሽ ካረፉ በኋላ የኡጋሱ ወንበር አዲሱ ኡጋስ ሙስጠፌ እስከ ነገሡበት እስከ 2002 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ባዶ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት በአይሻ አካባቢ ጉድጓድ የተጣላ፥ ግመል የጠፋበት፥ የሰው ነፍስ ያለፈበት ሁሉ ጉዳዩን እንደ ወትሮው ወደ ዛፉ ሥር ይዞ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ወትሮው ተቀምጠው ፈረዱ።